እንጨት የማይገባበት እጅ

መስከረም 18 ቀን
ጉዳዩ፦ ሰላምታ ስለማቅረብ

ለእህቴ ልጅ ለድንቢጥ፣

ሰላምታዬ ከጣራው እስከ መሠረቱ ይድረስሽ። ሥራሽ ይቃና፣ ጤናሽ በደንብ እንደተተከለ ምሰሶ ይጽና። እኔ አጎትሽ ደህና ነኝ።

«ጉዳዩ» የሚለውን እኔ አላልኩም፤ ጻፊው ነው የጨመረው። ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሰው ማመልከቻ ሲጽፍ ሠላሳ ዓመት ሞላው፤ ጉዳይ ካልጻፈ እጁ አይፈታለትም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይኸው ነው። እሱ ይጻፍ፣ እኔ ልናገር። የምለውን አንድም ሳያስቀር እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ።

ለአዲሱ ትምህርት ቤት አሥራ አራት በር ታዝዤ ስድስቱን ጨርሻለሁ። አንዱም ሲጢጥ አይልም። ሰዎች «የእህትህ ልጅ እዚያ ማዶ ምን ትሠራለች?» ሲሉኝ «ፎቶ ታነሳለች» እላለሁ። ሐኪም ትሆናለች ብለን ሸኝተንሽ ፎቶ አንሺ ሆነሽ ቀረሽ። ግድ የለም፤ ሥራ ክቡር ነው። ፎቶ አንሺም ያስፈልጋል።

ሌላ ወሬ የለም። ቀኝ ክንዴ ላይ፣ ከእጅ አንጓዬ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የእንቁላል አስኳል የምታህል እብጠት አለች። ሐኪሙ በኅዳር 28 ይቆርጠዋል። ጥሩ የመሮ መሳያ ድንጋይ ካገኘሽ ላኪልኝ፤ የዚህ ገበያ ድንጋይ መሮውን ያደነዝዛል እንጂ አይስልም።

በአፌ የተናገርኩ፣ በሰው እጅ ያስጻፍኩ፣
አጎትሽ

—

ጥቅምት 3 ቀን

ውድ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ክንድዎን ደግሞ እንዳለ ያቆይልኝ።

ደብዳቤዎን ቆሜ አነበብኩት፤ ሲያልቅ ተቀመጥኩ። «ይቆርጠዋል» ብለው አጻፉ። ምኑን ነው የሚቆርጠው? እብጠቱን ነው ክንዱን? ስልክ ብደውል «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። እሺ፣ በስልክ መጮህ አይወዱም። በደብዳቤ ይመልሱልኝ።

አጎቴ፣ እኔ ፎቶ አንሺ አይደለሁም። ሥራዬ የሰውን ገላ ውስጡን በድምፅ ማየት ነው። እርስዎ ሳንቃ ሲገዙ በጣትዎ አንጓ ያንኳኳሉ አይደል? ሙሉው ሌላ ድምፅ አለው፣ ነቀዝ የበላው ሌላ። የኛም መሣሪያ እንዲሁ ቆዳን ያንኳኳል፤ ጆሮ በማይሰማው ቀጭን ድምፅ። የተመለሰለትን ደግሞ እንደ ቴሌቪዥን ባለ መስኮት ላይ በጥቁርና በነጭ ይስለዋል። አልትራሳውንድ ይባላል። ዛሬ ብቻ የዘጠኝ ሰው እጅና እግር አይቻለሁ። ሁሉም እብጠት ይዘው መጡ። አንዱ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነበር፣ አንዱ ስብ፣ አንዱ የተበጠሰ ጅማት። ከላይ ሲዳሰሱ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ከውስጥ ግን አንዱ ካንዱ አይገናኝም።

ስለዚህ ይንገሩኝ፦ ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው? ይጠነክራል ወይስ ይለሰልሳል? ሲገፉት ይንሸራተታል? እንደ ልብ ይመታል? ይሞቃል? ደግሞ ይህን በደንብ ያስቡበት፦ እዚያ ቦታ ላይ የወጋዎት ነገር ነበር?

ቢላዋ ከመምጣቱ በፊት አልትራሳውንድ ያስነሱ። እለምንዎታለሁ።

ድንቢጥዎ

—

ጥቅምት 17 ቀን
ጉዳዩ፦ ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ ስለመስጠት

ለድንቢጥ፣

ቤትሽ ይሙቅ፣ መንገድሽ ይለስልስ። ጥያቄሽን ጻፊው አንድ በአንድ አነበበልኝ፤ ችሎት የቆምኩ መሰለኝ።

ሰባት ወሩ ነው። ይጠነክራል። አይንሸራተትም። አይመታም። ማታ ማታ ይሞቃል።

ራጅ ተነሳሁ፤ አጥንቱ ደህና ነው፣ ሌላ የሚታይ ነገር የለም ተባለ። ቀዶ ሐኪሙ ለጋ ሰው ነው፤ እጁ ግን አይንቀጠቀጥም፣ እሱን ወድጄለታለሁ። «አባባ፣ እንዲህ ያለ ነገር አንዳንዴ መጥፎ ይሆናል። እብጠቱን ከነዙሪያው ሥጋ በሰፊው እናወጣለን። ጅማት ይነካል። ጣቶችዎ እንደ ድሮው ላይታዘዙዎት ይችላሉ። መጥፎው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ክንዱንም ልናጣው እንችላለን» አለኝ። ልናጣው! የሱ ክንድ ይመስል። ምኑን ይቆርጠዋል ላልሽው መልሱ ይሄ ነው።

አልትራሳውንድ ያልሽውን ጠየቅኩ። የእርጉዝ መሣሪያ ነው አሉኝ! እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከነፍሰ ጡሮች ጋር ልሰለፍ?

የወጋኝ ነገር የለም። እንጨት የሚገባበት እጅ እንጨት አያውቅም፤ ይህን የምለው እኔ ነኝ። ማዶ ሱቅ የከፈተውን አናጢ ያኔ ከኔ ዘንድ ሲሠራ ያባረርኩት ለምን ሆነና? መዳፉን ስንጣሪ ወግቶት በደንበኛ ፊት «እህህ» አለ። በዚያው ቀን መሮውን አስረክቦ ሄደ። ሥልሳ ዓመት እንጨት ሳገላብጥ በኔ እጅ አንድም አልገባም።

መሳያ ድንጋዩ ይቅር። ይልቅ «ጣቶቹን አትንካ» የሚል ወረቀት፣ ማኅተም ያለበት፣ ለሐኪሙ ላኪለት።

አጎትሽ

—

ጥቅምት 27 ቀን

ውድ አጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዛሬ አላሳጥርም አላስረዝምም፣ ያልተባለውን ልበል።

እናቴ ጭኗ ላይ እብጠት ወጣባት። «ስብ ነው» አሉ። ማንም በውስጡ አላየም፣ ዓመት ቆየ፣ ሲታይ ጊዜው አልፎ ነበር። እርስዎ ሳጥኗን በራስዎ እጅ ሠሩት። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ሲልጉት ቆሜ አይቻለሁ። ይህን ሥራ የመረጥኩት በዚያ ቀን ነው። እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ሁለታችንም አንጽፈውም።

ለማኅተም ሥልጣን የለኝም። ቀጠሮው ሳይደርስ ከነፍሰ ጡሮቹ ጋር ይሰለፉልኝ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ። ምስሉን ያትሙታል፤ ይላኩልኝ።

ድንቢጥዎ

—

ኅዳር 6 ቀን
ጉዳዩ፦ ምስል አባሪ አድርጎ ስለመላክ

ለድንቢጥ፣

ጤና ይስጥሽ። ስለ እናትሽ ያልሽውን ሰማሁ። ጻፊው ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። እሱን እዚህ ላይ እንተወው።

ተሰለፍኩ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሰባት ሴቶችና አንድ እኔ። አጠገቤ የነበረችው ሆዷን ይዛ ዞር አለችና «አባባ፣ ስንት ወርዎ ነው?» አለችኝ። «ስምንት» አልኳት፤ እውነቴን ነው። «መቼ ነው ታዲያ?» «ኅዳር ሃያ ስምንት፣ በቀዶ ጥገና።» ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ወንበሩ ደግሞ ድሮም ደካማ ነው፤ ምስማር ብቻ ነው የያዘው።

ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ሐኪሟ መነጽር ያደረገች፣ ቁጥብ ሴት ናት። ክንዴ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት አፈሰሰችና የመላጊያ እጀታ የመሰለ ነገር አስኬደችበት። ቁመቱን ሄደች፣ ወርዱን ሄደች። እኔም እንጨት ሳይ እንዲሁ ነው የማየው፤ በዚህ አከበርኳት። ጫን አለች፣ ለቀቅ አለች። መስኮቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ አበራች፤ ደም የሚሄድበት ነው አለች፣ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የሚሄደው። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ይህ ነጭ መስመር ምንድን ነው? ከሥሩ ጥላ ጥሏል። አባባ፣ የገባብዎት ነገር አለ?»

«የለም።»

«እሾህ? ብርጭቆ? እንጨት?»

«ስሚ እሜቴ፣ እኔ ሥልሳ ዓመት አናጢ ነኝ።»

«ለዚሁ ነው የምጠይቅዎ» አለችኝ።

«የለም አልኩ።»

ጻፈች። ለቀዶ ሐኪሙ ወስጄ ሰጠሁት፤ ሲያነበው «ምንነቱ ያልታወቀ መስመር። ታማሚው አልተወጋሁም ብሏል» የሚል ነው። እሱም «ካልተወጉ እንግዳ ነገር ነው፤ እንግዳ ነገር ደግሞ ያሠጋኛል። በያዝነው ዕቅድ እንሄዳለን» አለ። ማለት በሰፊው።

ምስሉ ይኸው። አንቺ እይው።

አጎትሽ

—

ኅዳር 14 ቀን

ውድ አጎቴ፣

ደብዳቤዬ ከቢላዋው ቀድሞ ይድረስዎ።

ምስሉን የሥራ መብራቴ ሥር ዘርግቼ ለካሁት። የዚያች ሐኪም እጅ የሠለጠነ ነው፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ አሳይታለች። ነጩ መስመር ቀጥ ያለ ነው፤ አሥራ ሰባት ሚሊ ሜትር። በዙሪያው ጥቁር ቀለበት አለ፤ ገላ የማያውቀውን እንግዳ ሲያጥር እንዲህ ነው የሚያደርገው። አጎቴ፣ በሥጋ ውስጥ እንዲህ ቀጥ ያለ ነገር አይበቅልም። ሠራተኛ በመሰመሪያ ያሰመረው ይመስላል።

ራጅ እንጨትን አያይም። ብረት ያያል፣ አጥንት ያያል፤ እንጨት ግን በፊቱ ያልፈዋል። ለዚህ ነው ምንም ያልታየው። የኛ መሣሪያ ደግሞ መስመሩን ያያል፣ ስሙን ግን አያውቅም። የድሮ ጠባሳም፣ ሌላ የደረቀ ነገርም አንዳንዴ ነጭ ሆኖ ይታያል። ስሙን የሚያውቀው የእርስዎ አፍ ብቻ ነው።

አንድ ልንገርዎ። ሙያተኛ ሁሉ ይዋሻል። ትናንት አንዲት ልብስ ሰፊ ጣቷ አብጦ መጣች። «መርፌ ወግቶሽ ያውቃል?» ብላት እንደ ሰደብኳት ሁሉ ተኮሳተረች። የመርፌውን ጫፍ አጥንቷ ላይ ተጋድሞ አገኘሁት።

እንጨት ከሆነ ሐኪሙ ሁለት ጣት በምታህል ቀዳዳ ያወጣዋል። ጅማት አይነካም። ካልተናገሩ ግን በሰፊው ይቆርጣል፤ አይፈረድበትም፣ በነገሩት ነው የሚሠራው። ክንድዎ በአንድ ቃል ላይ ነው ያለው።

ድንቢጥዎ

—

ኅዳር 25 ቀን

ለድንቢጥ፣

ሰላምታ ሌላ ቀን። ጉዳይም አትጻፍ ብዬዋለሁ።

ወይራ ነበር።

በመጋቢት ነው። ለአንድ ቤት የደረጃ መደገፊያ እየላግሁ ነበር። ያልተላገው ዳር ላይ ክንዴን ሳብ ሳደርግ ገባ። በዚያው ሰዓት ማዶ ያለው አናጢ ደጄ ላይ ቆሟል፤ እንጨት መቆንጠጫ ሞርሳ ሊዋስ መጥቶ። እሱን ነው እንግዲህ በስንጣሪ ያባረርኩት። እጅጌዬን ወደ ታች ሳብኩና «እዚያ አለልህ፣ ውሰድ» አልኩት። እህ እንኳ አላልኩም። ሲሄድ በጥርሴ ነቅዬ አወጣሁት።

አየሁት። አንዱ ጫፉ የሾለ ነው፤ ሌላው ጫፉ የተሰበረ። የሾለና የተሰበረ ጫፍ የማይለይ አናጢ የለም። ግማሹ ውስጥ እንደቀረ በዚያችው ደቂቃ ዐውቄያለሁ። ይበሰብሳል ብዬ ተውኩት። ወይራ እንደማይበሰብስ ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጻፊው ብዕሩን አስቀመጠና «ይሄንንም ልጻፍ?» አለኝ። «ጻፍ» አልኩት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?» አለኝ። «አንተ ጻፍ እንጂ አትፍረድ፣ ፍርድ ቤቱ ከውስጥ ነው» አልኩት።

ነገ ጠዋት ሄጄ ለሁለቱም ሐኪሞች እናገራለሁ። ከዚያ ማዶ እሻገራለሁ። ለሐኪሞቹ መናገሩ ይቀላል።

አጎትሽ

—

ታኅሣሥ 7 ቀን

አጎቴ፣

ቀጠሮው ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆነው። ስልክዎ ይጠራል፣ አይነሳም። የመጨረሻው የደረሰኝ ምስሉ ነው። ተናገሩ ወይ? አንድ ቃል ብቻ ያስጽፉልኝ። ጻፊውም ቢሆን በራሱ ይጻፍልኝ፤ ጉዳዩንም ይጨምር፣ ምንም አይደለም።

ድንቢጥዎ

—

ታኅሣሥ 4 ቀን
ጉዳዩ፦ ድል

ለድንቢጥ፣ ለእህቴ ልጅ፣ በድምፅ ለምታየው፣

ደስታሽ ቤትሽን ሞልቶ በመስኮት ይፍሰስ! ስለ ስልኩ እንዳትቀየሚኝ፤ ቀኝ እጄ ታሽጎ ነበር፣ በግራ እጄ ደግሞ ቁልፎቹን አላውቃቸውም።

ተናገርኩ። ባለ መነጽሯ ሐኪም ስትሰማ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም፤ «አመሰግናለሁ» ብቻ አለችና እጄን ይዛ እንደገና አየች። ቀዶ ሐኪሙ የድሮውን ወረቀት አጠፈና «እንግዲያው ሥራው ሌላ ሆነ» አለ።

በቀኑ መሣሪያዋን እየገፋች ቀዶ ክፍል ድረስ መጣች። ስንጣሪው ያለበትን አየችና ቆዳዬ ላይ በብዕር አሰመረች፤ ከየት እስከ የት፣ ምን ያህል ጥልቅ። አስምሮ መቁረጥ የኔ ሥራ ነው፤ «በደንብ አስምሪ፣ የቆረጡት አይመለስም» አልኳት። «እባክዎ አያናግሩኝ» አለችኝ። ክንዴን ብቻ ነው ያደነዘዙት። ሁለት ጣት የምታህል ቀዳዳ ከፈተ። ትንሽ መግል ወጣ። ወረንጦ ሰደደ፣ ያዘ፣ ሳበ።

ወጣ!

ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ለካው። አሥራ ሰባት ሚሊ። አንቺ ባሕር ማዶ ሆነሽ የለካሽው፣ አልጎደለም፣ አልበዛም። «ልያዘው» አልኩ። «አባባ፣ ቆሻሻ ነው» አለኝ። «ቆሻሻ አይደለም፣ ወይራ ነው» አልኩና በግራ እጄ ተቀብዬ አሸተትኩት። ዘጠኝ ወር በሥጋዬ ውስጥ ተቀምጦ ሽታው እንዳለ ነው! ሐኪሙ ሳቀ። ዙሪያውን የነበረውን ሥጋ መረመሩት፣ መጥፎ ነገር የለበትም።

ጣቶቼ አምስቱም ይታዘዛሉ። ጻፊው ፊት አንድ በአንድ አጠፍኳቸው፤ ምስክር ነው።

ከዚያ ማዶ ተሻገርኩ። ሳንቃ እየሰነጠቀ ነበር። «በስንጣሪ አባርሬህ ነበር። እኔም ገባብኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምን?»

«ሞርሳ የተዋስኩ ቀን። እጅጌዎ ላይ ደም ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ልባረር?»

ሳቅኩ፣ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የቀሩትን ስምንት በሮች አብረን እየሠራን ነው። እጁ ጥሩ ነው። ድሮም ጥሩ ነበር።

አጎትሽ

—

ታኅሣሥ 19 ቀን

ውድ አጎቴ፣

ሁለቱ ደብዳቤዎች በአንድ ቀን ደረሱኝ፤ «ወይራ ነበር» የሚለውና «ጉዳዩ፦ ድል» የሚለው። ድሉን መጀመሪያ ከፍቼው ኖሮ ወይራውን ሳነብ እየሳቅኩ ነበር። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ የሥራ ባልደረቦቼን ሰብስቤ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። «አሥራ ሰባት ሚሊ» ስል ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። አለቃችን የምስሉን ግልባጭ ከነጽሑፉ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች።

አጎቴ፣ በሥራዬ ብዙ ሰው አይቻለሁ። ዛሬ ግን እናቴ ብትሰማ ብዬ ያለ ሕመም አሰብኳት፤ የመጀመሪያዬ ነው።

ምን ልላክልዎ? አሁን ይዘዙኝ።

ድንቢጥዎ

—

የካቲት 5 ቀን
ጉዳዩ፦ ቅባት እንዲላክ ስለመጠየቅ

ለድንቢጥ፣

ዕድሜሽ ይርዘም፣ ዓይንሽ አይድከም። በሮቹ ተገጥመዋል፤ አሥራ አራቱም። አሁን የማዝሽ ያንን ቀዝቃዛ ቅባት ነው፣ ብዙ አድርጊው። ለምን እንደሆነ ስሚ።

ባለ መነጽሯ ሐኪም በጥር ወር ሱቄ ድረስ መጣች። «ተለማማጅ ሐኪሞች አሉኝ፤ እንጨት አይተው አያውቁም» አለች። «ገበያ ይውጡ» አልኳት። «በሥጋ ውስጥ፣ አባባ።» ገባኝ።

ከሥጋ ቤት አራት ትልልቅ የበሬ ታፋ አመጣች። እኔ ወይራ፣ ጥድና ቀርከሃ ሰነጠቅኩ፤ አንዱ ስምንት ሚሊ፣ አንዱ ሃያ። ሥጋው ውስጥ ሸሸግኳቸው፤ አገባቡን እንደሆነ አውቀዋለሁ። አንዱን ታፋ ባዶውን ተውኩት። ስድስት ለጋ ሐኪሞች ነጭ ካፖርት ለብሰው መጡ። እኔ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፣ ፊደል ያልቆጠርኩት፤ እነሱ ቆሙ።

የመጀመሪያው ሦስት የቀበርኩበትን አይቶ «ምንም የለም» አለ። «እንግዲያው ብላው» አልኩት። ባዶው ላይ ደግሞ ሁለቱ «አገኘን!» ብለው ጮኹ። ባዶውን ባዶ ማለት ራሱ ሙያ ነው፤ ነገርኳቸው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ላባቸው ጠብ አለ፤ የሆስፒታሉም ቅባት አለቀ። በመጨረሻ አንዷ ቀጭን ልጅ ቁመቱን ሄደች፣ ወርዱን ሄደች፣ ቆመች። «አሥራ ሁለት ሚሊ፣ ጥልቀቱ አንድ ጣት» አለች። ቀዶ ሐኪሙ ራሱ ከፈተው። አሥራ ሁለት!

ሊወጡ ሲሉ «ምክር ይስጡን» አሉኝ። እንዲህ አልኳቸው፦ «መሣሪያውን ከማንሳታችሁ በፊት 'ሥራህ ምንድን ነው?' በሉ። ከዚያ 'ምን ገባብህ?' በሉ። 'ምንም' ካለ አትመኑት፤ ግን አትቆጡት። የኔን ነገር ንገሩት።»

ባለፈው ሰኞ አንዲት ቅርጫት ሠሪ ባቷ ላይ እብጠት ይዛ መጣች። ቀጭኗ ልጅ ጠየቀቻት። «ምንም አልገባብኝም» አለች፤ ሁለት ጊዜ። ልጅቷ «አንድ ሽማግሌ አናጢ ነበሩ፣ እሳቸውም ምንም አልገባብኝም ብለው ነበር» አለቻት።

«ዋሹ?»

«ዋሹ።»

«ከዚያስ?»

«ክንዳቸውን ሊያጡ ነበር።»

ሴትዮዋ ጣራውን አየች። «ቀርከሃ ናት» አለች፤ «ለባሌ ግን እንዳትነግሩብኝ፤ ቢላዋ አያያዝሽ አያምርም እያለ የሚያሾፍብኝ እሱ ነው።» በማግስቱ ወጣላት፤ ሃያ ሁለት ሚሊ። ከኔ በለጠች።

አሁን ሆስፒታሉ ውስጥ ስሜ «የዋሹት አናጢ» ሆኗል። ግቢው በር ላይ ዘበኛው ሳይቀር «የዋሹት አናጢ እርስዎ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀኝ እጄን ዘርግቼ ጨበጥኩት፣ አምስቱንም ጣት አጥብቄ፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩት።

አጎትሽ